ማክኦኤስ ያስፈልጋል፣ ማክ ግን የለም፦ አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ማክኦኤስ፣ ማለትም የአፕል ኮምፒውተር የሆነውን ማክን የሚያስኬደው ሥርዓት፣ ያስፈልገኛል የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቂ ምክንያት አለው። የአይፎን መተግበሪያ ሠርቶ ወደ አፕ ስቶር ለመላክ ኤክስኮድ የተባለው የአፕል የመተግበሪያ መሥሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ኤክስኮድ የሚሠራው ደግሞ በማክኦኤስ ላይ ብቻ ነው። ሙዚቃ በሎጂክ ፕሮ የሚያቀናብር ወይም ቪዲዮ በፋይናል ከት ፕሮ የሚያርትዕ ሰውም ኮምፒውተር ላይ ሌላ ምርጫ የለውም። አፕል ግን ማክኦኤስን ለብቻው አይሸጥም፤ የሚገኘው ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ መንገድ ተፈጥሯል። ምክሩ የሚበዛውና ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው።

እዚህ የሚነጻጸሩት አምስት ናቸው፦ ማክኦኤስን በተራ ፒሲ ላይ መጫን (ሃኪንቶሽ የሚባለው)፣ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ማስኬድ፣ አፕል የተወውን አሮጌ ማክ በፓቸር (አዲስ ስሪት እንዲቀበል በሚጠግነው ፕሮግራም) ማደስ፣ ማክን በክላውድ (በኢንተርኔት በኩል) መከራየት፣ ያገለገለ ባለ ኤም ቺፕ ማክ መግዛት። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## ከምርጫው በፊት፦ የኢንቴል ዘመን እያበቃ ነው

አፕል ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር የዞረው በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ማክ በውስጥ ዕቃው ከሌላው ፒሲ ብዙም የማይለይ ሆነ፤ ማክኦኤስን በሌላ ማሽን ላይ ማስነሣት ቀላል የሆነውም በዚህ የተነሣ ነው። በ2020 ኩባንያው ኤም1ን ይዞ ወደ ራሱ ቺፕ መሻገር ጀመረ። በ2025 ደግሞ ማክኦኤስ 26 ታሆ ለኢንቴል ማኮች የሚወጣ የመጨረሻው ስሪት እንደሆነ በይፋ ተናገረ። ታሆ ራሱ የሚቀበላቸው የኢንቴል ማኮች አራት ሞዴሎች ብቻ ናቸው፦ የ2019 ማክ ፕሮ፣ የ2019 ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ የ2020 ባለ 27 ኢንች አይማክ፣ እና አራት ተንደርቦልት ወደብ ያለው የ2020 ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ።

ከታሆ በኋላ የሚመጣው ማክኦኤስ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ተብሎ አይዘጋጅም። ስለዚህ ቡትሎደር (ሥርዓቱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ቢሻሻል፣ ድራይቨር (ዕቃውን ከሥርዓቱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ቢጻፍ ፋይዳ የለውም፤ የሚነሣ ሥርዓት አይኖርም። አፕል በልማዱ የደህንነት ማሻሻያ የሚያወጣው ለቅርቦቹ ሦስት ስሪቶች ስለሆነ፣ ዛሬ በኢንቴል ላይ የሚጀመር ማንኛውም ሥራ ዕድሜው እስከ 2028 አካባቢ ነው። ይህ ቀን ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር ሁሉ ይጫነዋል፤ እኔም አማራጮቹን ስመዝን ከዋጋ እኩል ያየሁት እሱን ነው።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ሥራው ነው። ኮድ ጽፎ አልፎ አልፎ መገንባት፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ማረም፣ እና ሥርዓቱን አይቶ ለመማር መሞከር ሦስት የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው።

ሁለተኛው የስሪት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ የሚያስታውሰውም ይህንን ነው። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ወደ አፕ ስቶር የሚላክ የአይፎን መተግበሪያ በአይኦኤስ 26 ኤስዲኬ፣ ማለትም በኤክስኮድ 26 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ስሪት መገንባት አለበት። ኤክስኮድ 26 ደግሞ ቢያንስ ማክኦኤስ ሴኮያ 15.6 ይፈልጋል። ሞንተሬይ በሚባለው የቆየ ስሪት ላይ ቆሞ የቀረ ማሽን ኮድ ለመለማመድ ይሆን እንደሆነ እንጂ መተግበሪያ ለማድረስ አይሆንም።

ሦስተኛው ግራፊክስ ነው። ማክኦኤስ መስኮት ከመክፈት አንሥቶ ሁሉን ነገር የሚሥለው ሜታል በሚባለው የአፕል የግራፊክስ ቴክኖሎጂ ነው። ሜታል የሚረዳ ግራፊክስ ከሌለ ማሽኑ ቢነሣም ይንቀረፈፋል፣ አንዳንድ ፕሮግራሞችም ጨርሶ አይከፈቱም።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት እምነትና ጊዜ ናቸው። የባንክ ይለፍ ቃልዎን በማሽኑ ላይ ይጽፉበታል ወይ? ነገ ጠዋት ለደንበኛ ሥራ ማስረከብ ቢኖርብዎት እንደሚነሣ ይተማመናሉ ወይ? ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ስንት ሰዓት ይሰጡታል? የአፕል ፈቃድም አለ፤ እሱን ሃኪንቶሽ ላይ በዝርዝር እናየዋለን።

## ሃኪንቶሽ

ዛሬ ሃኪንቶሽ የሚሠራው ኦፕንኮር በሚባል ቡትሎደር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኦፕንኮር በፈርምዌሩ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የማስነሻ ፕሮግራም) እና በማክኦኤስ መካከል ይገባል። ማሽኑ እንዲህ ያለ ሞዴል ማክ ነው የሚል መታወቂያ ያቀርባል፣ የጎደሉ ድራይቨሮችን በሚሞሪ ላይ ይጨምራል፣ ፈርምዌሩ ስለ ዕቃዎቹ የሚሰጠውን መግለጫ ማክኦኤስ በሚረዳው መንገድ ያርማል። ማክኦኤስ ራሱ ከአፕል ሰርቨር እንደወረደ ይጫናል፤ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥንካሬም ዲስኩ ላይ ያለው ሥርዓት አለመነካካቱ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ያዘጋጀው፣ ሁሉም ነገር ገብቶበታል የሚባል የመጫኛ ፋይል ካጋጠመዎት ይተዉት፤ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያረጋግጡበት መንገድ የለም።

ሁሉንም የሚወስነው ዕቃው ነው፤ ከዕቃዎቹም ግራፊክስ ካርዱ። የኢንቪዲያ ካርድ ካለዎት ጉዳዩ እዚያው ያበቃል ማለት ይቻላል። ከማክስዌልና ከፓስካል ትውልድ የሆኑት ካርዶች ድራይቨር ያገኙት እስከ 2017ቱ የማክኦኤስ ስሪት ሃይ ሲየራ ድረስ ብቻ ነው፤ አርቲኤክስ የሚል ስም ያላቸው ደግሞ ለማክኦኤስ ድራይቨር ወጥቶላቸው አያውቅም። አዋጩ ኤኤምዲ ነው፦ አርኤክስ 570 እና 580፣ አርኤክስ 5700፣ አርኤክስ 6600 በደንብ ይሠራሉ። ይሁንና አዲስ ሁሉ የተሻለ እንዳይመስልዎት፤ የአርኤክስ 7000 ትውልድ አይሠራም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለ የኢንቴል ግራፊክስ የሚሠራው እስከ 10ኛው ትውልድ ያለው ነው። 11ኛውና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፕሮሰሰሮች የግድ ከሚደገፍ የኤኤምዲ ካርድ ጋር መጣመር አለባቸው፤ ካርድ መጨመር የማይቻልበት ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ አይሆንም።

ፕሮሰሰሩ ከ2022ቱ ቬንቱራ ወዲህ ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ ማወቅ አለበት፤ በኢንቴል በኩል ከ4ኛው ትውልድ ጀምሮ ማለት ነው። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሆነው ራይዘንም ይሠራል። አፕል ግን ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ማክ አውጥቶ ስለማያውቅ ከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) በሚሞሪ ላይ መጠገን ያስፈልጋል፤ የኮሮቹ ቁጥር እንኳ በጥገናው ውስጥ በእጅ ይሞላል። ማክኦኤስ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ወይም ዶከር ለመጠቀም ያሰበ ሰው ራይዘንን አይምረጥ፤ የአፕል የቨርቹዋላይዜሽን ክፍል በእሱ ላይ አይሠራም።

ከዚህ በኋላ ጥቃቅን የሚመስሉ፣ ጊዜ የሚበሉ ነገሮች ይመጣሉ። ማክኦኤስ በአንድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ከ15 በላይ ወደብ አይቀበልም፤ አንድ ዩኤስቢ 3 ወደብ ደግሞ እንደ ሁለት ይቆጠራል። የትኛው ወደብ ይቅር፣ የትኛው ይሥራ የሚለውን በእጅ ካልለዩ ብሉቱዝ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም ተኝቶ በትክክል አይነቃም። በ2023ቱ ሶኖማ አፕል የድሮዎቹን የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ድራይቨር ስላወጣ ለዓመታት ሲመከሩ የነበሩት ካርዶች ያለ ተጨማሪ ጥገና አይሠሩም። የኢንቴል ዋይፋይ በበጎ ፈቃደኞች ድራይቨር ይሠራል፤ ኤርድሮፕ (በአፕል ዕቃዎች መካከል ፋይል ማስተላለፊያው) ግን አይኖርም። ታሆ ደግሞ የድሮውን የድምፅ ድራይቨር ስላስወገደ የማዘርቦርዱ ድምፅ ዝም ይላል። ሃኪንቶሽ ከመረጡ ሴኮያ ላይ ይቁሙ የምለው ለዚህ ነው።

ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ይከብዳል። የጣት አሻራ መክፈቻው አይሠራም፤ ከኢንቴሉ ጎን ያለው የኢንቪዲያ ግራፊክስ መዘጋት አለበት፤ ባትሪና ታችፓድ የየራሳቸውን ማስተካከያ ይጠይቃሉ።

የፈቃዱን ጉዳይ በግልጽ ልናገር። የማክኦኤስ የአጠቃቀም ስምምነት ሥርዓቱ የአፕል ምልክት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲጫን ይፈቅዳል፤ ሃኪንቶሽ ከዚህ ውጭ ነው። ሳይስታር የተባለ የፍሎሪዳ ኩባንያ በ2008 ማክኦኤስ የተጫነባቸው ፒሲዎች መሸጥ ሲጀምር አፕል በዚያው ዓመት ከሰሰው። በ2009 በካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለአፕል ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2011 ውሳኔውን አጸና። በግል ለመማር መሞከርና በዚህ ማሽን የድርጅት ሥራ መሥራት ወይም አዘጋጅቶ መሸጥ አንድ አይደሉም፤ ሥራዎ ውል የሚፈራረሙበት ከሆነ ይህን መንገድ አልመክርም።

## ቨርቹዋል ማሽን

ቀላሉ መሞከሪያ ይህ ነው። በዊንዶውስ ላይ ቪኤምዌር ወይም ቨርቹዋልቦክስ፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ኬቪኤም ይጠቀማሉ፤ ቢበላሽ ፋይሉን ሰርዘው እንደገና ይጀምራሉ። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ይበቃዋል፣ ከዚያ ያነሰ ያስቸግራል።

ድክመቱ ግራፊክስ ነው። ቪኤምዌርና ቨርቹዋልቦክስ ለማክኦኤስ የሜታል ግራፊክስ አያቀርቡም፤ ስለዚህ መስኮቶች ይጎተታሉ፣ የአይፎን ሲሙሌተር ይዘገያል፣ ቪዲዮ ማረም የማይታሰብ ነው። በሊኑክስ የኤኤምዲ ካርድን ሙሉ በሙሉ ለቨርቹዋል ማሽኑ ማስረከብ ይቻላል፤ ያኔ ፍጥነቱ ለሃኪንቶሽ ይቀርባል፣ ድካሙም አብሮ ይቀርባል። ከፈቃድ አንጻር ዋናው ማሽን የአፕል እስካልሆነ ድረስ ከሃኪንቶሽ አይለይም። ማክ ላላቸው ሰዎች ግን ስምምነቱ በዚያው ማክ ላይ እስከ ሁለት ተጨማሪ የማክኦኤስ ቨርቹዋል ቅጂ ለልማት፣ ለሙከራና ለግል አጠቃቀም ይፈቅዳል።

## አሮጌ ማክን በፓቸር ማደስ

ቤት ውስጥ የ2012 ወይም የ2015 ማክቡክ ተቀምጦ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እዚህ ይቁሙ። ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር አፕል ድጋፍ ባቆመባቸው ማኮች ላይ እስከ ሴኮያ ያሉትን ስሪቶች ለመጫን ያስችላል። አሠራሩ ከሃኪንቶሽ የተወሰደ ቢሆንም እጅግ ይቀላል፤ ዕቃው የታወቀ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሞዴሉን ለይቶ ማስተካከያውን ራሱ ያዘጋጃል። ኮምፒውተሩም የአፕል ነው፤ ሃኪንቶሽን ከፈቃዱ ውጭ የሚያደርገው ዋናው አንቀጽ እዚህ አይነሣም።

መለያው መስመር ሜታል ነው። በጥቅሉ ከ2012 ወዲህ ያሉት ማኮች ሜታል የሚረዳ ግራፊክስ አላቸው፣ አጥጋቢ ሆነውም ይሠራሉ። ከዚያ በፊት ያሉት ይነሣሉ፤ ሆኖም ምስል ይዛባል፣ ሜታል የግድ የሚሉ ፕሮግራሞችም አይከፈቱም። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የቀረ ማሽን ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያስገቡለት፤ ከማንኛውም ጥገና በላይ የሚሰማዎት ለውጥ እሱ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በደህንነት በኩል ነው። አፕል ያወጣቸውን የግራፊክስና የዋይፋይ ድራይቨሮች ለመመለስ ፓቸሩ የሥርዓቱን የታሸገ ክፍል ይከፍታል፣ የጥበቃ ደረጃውንም ዝቅ ያደርጋል። ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር እነዚህ ድራይቨሮች ስለሚጠፉ ፓቸሩን እንደገና ማስኬድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አውቶማቲክ ማሻሻያን ያጥፉ፤ ለአዲሱ ስሪት የሚሆን የፓቸር ስሪት መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ በእጅ ያሻሽሉ። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔት፣ ፕሮግራሚንግ ለመጀመር እንዲህ ያለው ማክ ገና ዓመታት አሉት።

## ክላውድ

ኮዱን በማንኛውም ኮምፒውተር ጽፈው ማክ የሚያስፈልግዎት ለመገንባትና ለመላክ ብቻ ከሆነ፣ ማክ ጠረጴዛዎ ላይ እንዲኖር የሚያስገድድ ነገር የለም። በፍላተር ወይም በሪአክት ኔቲቭ (አንድ ኮድ ለአይፎንም ለአንድሮይድም በሚያገለግልባቸው መሣሪያዎች) የሚሠሩ ሰዎች በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጊትሃብ አክሽንስና ኮድማጂክ የመሳሰሉት አገልግሎቶች ኮዱን ተቀብለው በእውነተኛ ማክ ላይ ገንብተው፣ ፈርመው ወደ አፕ ስቶር ይልካሉ። ጊትሃብ ለሁሉም ክፍት ለሆኑ ፕሮጀክቶች መደበኛ የማክ ማሽኖቹን በነጻ ያስጠቅማል።

ማክን ስክሪኑ እስኪታይ መከራየትም ይቻላል። አማዞን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ያከራያል፤ ነገር ግን በአፕል ፈቃድ ምክንያት አንድ ማሽን ከ24 ሰዓት ላነሰ ጊዜ አይከራይም። ለአንድ ሰዓት ሥራ የአንድ ቀን ኪራይ ይከፍላሉ። በወር የሚያከራዩ ኩባንያዎች አሉ፤ ለአንድ ዓመት የሚከፍሉትን ደምረው ከሚቀጥለው አማራጭ ጋር ያስተያዩት። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ በርቀት መሥራት አድካሚ ነው፤ የመገንቢያ አገልግሎቱ ግን ኮዱ አንዴ ከደረሰው የግንኙነት ጥራት አያስጨንቀውም።

## ያገለገለ ባለ ኤም ቺፕ ማክ

በ2024 መጨረሻ የወጣው ባለ ኤም4 ማክ ሚኒ በአሜሪካ የተነገረለት መነሻ ዋጋ 599 ዶላር ከ16 ጊጋባይት ራም ጋር ነበር። ይህ የአዲሱ ነው፤ ያገለገለ ኤም1 ማክ ሚኒ ከዚያ ይወርዳል። ይህን ለሃኪንቶሽ አዲስ ኤስኤስዲ፣ የኤኤምዲ ካርድና የሚሠራ የዋይፋይ ካርድ ለመግዛት ከሚወጣው ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው፤ ዕቃውን ከዜሮ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ጠብቧል፣ አንዳንዴም ሃኪንቶሹ ይበልጣል። ከአምስቱ ውስጥ ከ2028 በኋላም በእጅዎ ሊያገለግል የሚችለው ማሽን ይህ ነው። በአፕል ቺፕ ላይ ብቻ የሚሠራው አፕል ኢንተለጀንስም የሚገኘው እዚህ ነው።

ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። ለኤክስኮድ 16 ጊጋባይት ይፈልጉ፤ 8 ጊጋባይት ለመጀመር ይበቃል፣ ሲሙሌተርና አሳሽ አብረው ሲከፈቱ ግን ይጨናነቃል።

ያገለገለ ማክ ሲገዙ ሁለት ቁልፎችን ይፈትሹ። አንደኛው የሻጩ የአፕል አካውንት ነው፤ ሻጩ ከአካውንቱ ካልወጣና ማሽኑን ካላጸዳ የማስነሻ ቁልፉ ማክውን ለእርስዎ የማይከፈት ያደርገዋል። ሁለተኛው የድርጅት ቁጥጥር ነው፤ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ማክ ቢጸዳም እንኳ ሲነሣና ከኢንተርኔት ሲገናኝ የርቀት አስተዳደር ገጽ ያመጣል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑ ጸድቶ፣ ከዋይፋይ ተገናኝቶ፣ እስከ ዴስክቶፑ ድረስ በእርስዎ ዓይን ፊት ይነሣ። ያገለገለ የኢንቴል ማክ በርካሽ ቢቀርብልዎትም፣ ለረጅም ጊዜ የሚፈልጉት ከሆነ አይግዙ።

## ጎን ለጎን

| አማራጭ | የመነሻ ወጪ | የሚወስደው ጊዜ | ግራፊክስ | ዕድሜ | የአፕል ፈቃድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሃኪንቶሽ | ዕቃው ካለ ዝቅተኛ፣ ከሌለ መካከለኛ | ብዙ፣ በየማሻሻያው የሚደገም | ከሚደገፍ ካርድ ጋር ጥሩ | እስከ 2028 አካባቢ፣ ሴኮያ ላይ ከቆሙ እስከ 2027 አካባቢ | ውጭ |
| ቨርቹዋል ማሽን | የለም ማለት ይቻላል | ጥቂት ሰዓታት | ደካማ | እስከ 2028 አካባቢ | በፒሲ ላይ ውጭ፣ በማክ ላይ የተፈቀደ |
| አሮጌ ማክ በፓቸር | ማኩ ካለ የለም | መጠነኛ | ከ2012 ወዲህ ላለው ደህና | ሴኮያ ማሻሻያ እስካገኘ ድረስ | ኮምፒውተሩ የአፕል ነው |
| ክላውድ | በአጠቃቀም የሚከፈል | ጥቂት | በኢንተርኔቱ ይወሰናል | አከራዩ ያድሰዋል | ውስጥ |
| ባለ ኤም ቺፕ ማክ | ከፍተኛው | የለም | በጣም ጥሩ | ረጅሙ | ውስጥ |

የአፕል የገንቢዎች አባልነት በዓመት 99 ዶላር ነው፤ መተግበሪያ በአፕ ስቶር ለማውጣት በየትኛውም መንገድ ስለሚከፈል ከንጽጽሩ አውጥቼዋለሁ።

## ለማን የትኛው?

መተግበሪያ ሠርተው ገቢ የሚያገኙ ከሆነ ባለ ኤም ቺፕ ማክ ሚኒ ይግዙ፤ ገንዘቡ እስኪሟላ ድረስ በመገንቢያ አገልግሎት ይቆዩ። ሁለቱንም አያይዞ መጠቀም በተለይ ለፍላተር ገንቢ ምቹ ነው፤ የዕለት ሥራው በፒሲው ይቀጥላል፣ መጨረሻው ብቻ ወደ ክላውድ ይሄዳል።

ተማሪ ከሆኑና ስዊፍትን፣ የአይፎን መተግበሪያ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ መጀመር ከፈለጉ ማክም አያስፈልግዎትም፤ ስዊፍት በሊኑክስና በዊንዶውስ ይጫናል። ቋንቋው ከገባዎት በኋላ የኤክስኮድን ገጽታ በቨርቹዋል ማሽን ይዩት። አሮጌ ማክ የሚሰጥዎት ዘመድ ካለ ፓቸሩ ከቨርቹዋል ማሽኑ ይሻላል።

ለሙዚቃና ለቪዲዮ ቨርቹዋል ማሽንንም ክላውድንም ይተዉ። ድምፅ በቅጽበት መሰማት አለበት፤ ሁለቱም በዚህ ይወድቃሉ። አርኤክስ 6600 ያለው ዴስክቶፕ በእጅዎ ካለና ሥራው የግል ከሆነ ሴኮያ ያለበት ሃኪንቶሽ ከዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ጋር ጥቂት ዓመት በደንብ ያገለግላል። ደንበኛ የሚጠብቅዎት ከሆነ ግን ማክ።

ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣ፣ ፈርምዌርና ከርነል እንዴት እንደሚነጋገሩ ማወቅ ለሚወድ ሰው ሃኪንቶሽ ዛሬም ከልቤ የምመክረው ትምህርት ነው፤ እንዲህ ጥልቅ ድረስ የሚያስገባ ሌላ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። ለዚህ ከዊንዶውስ የተለየ ኤስኤስዲ ይጠቀሙ፣ የዋናው ዲስክ ገመድም በመጫን ሰዓት ይነቀል። የሌላ ሰው የኦፕንኮር ፎልደር ገልብጠው ከተነሡ ሴሪያል ቁጥሩን መጀመሪያ ይቀይሩ፤ አንድ ቁጥር ለብዙ ማሽን ሲሆን አይሜሴጅ አይከፈትም፣ የአፕል አካውንትዎም ሊታገድ ይችላል። የሚሠራውን ፎልደር በፍላሽ ላይ ቅጂ ያስቀምጡ፣ ማሻሻያ ሲመጣም አዲሱን ኦፕንኮር በፍላሹ ላይ ፈትነው ከተነሣ በኋላ ብቻ ወደ ዲስኩ ያስገቡት።